ከተማውና የወይኑ ሸለቆ፤ የአንድ ቤተሰብ ጉዞ ወደ ኬፕታውን

በጉዞ ዝግጅትና በማስጐብኘት ሥራ ላይ የተሰማራ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ለማስተናገድ የሚከብደው ደንበኛ ብቻውን የሚጓዘው ነጋዴ አይደለም፤ ቤተሰቡን ይዞ የሚመጣው ነው። አያት ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ አባት ወጪውን ያሰላል፤ እናት ዓመቱን ሙሉ ያላገኘችውን ጸጥታ ትመኛለች፤ ጐረምሳው ልጅ ገና ከቤት ሳይወጣ ይሰለቻል፤ ትንሿ ልጅ ደግሞ እንስሳ ካላየች ጉዞ የሄደች አይመስላትም። የአምስቱን ሰዎች ፍላጎት በአንድ ሳምንት ውስጥና በተወሰነ ገንዘብ አስማምቶ በደኅና መመለስ ራሱን የቻለ ሙያ ነው።

በብዙ አገሮች ለዚህ ችግር የሚሰጠው አንዱ መልስ ከተማንና የወይን አገርን በአንድ ጉዞ አጣምሮ ማስጐብኘት ነው። በፈረንሳይ ቦርዶ፣ በፖርቱጋል ፖርቶ፣ በአሜሪካ ሳንፍራንሲስኮ፣ በደቡብ አፍሪካ ደግሞ ኬፕታውን በዚህ ዓይነት ዝግጅት የታወቁ ናቸው። የዚህ ንግግር ርእስ የመጨረሻይቱ ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ የሚነሣ ቤተሰብ ከአህጉሩ ሳይወጣ በኢትዮጵያ አየር መንገድ ሊደርስባት ይችላል፤ ከመካከለኛው ከተማ ተነሥቶ ስቴለንቦሽ፣ ፓርል ወይም ፍራንሽሁክ ለመድረስ ከአንድ ሰዓት ብዙም የማይበልጥ የመኪና መንገድ ይበቃል። ከዚህም ሌላ ለኢትዮጵያዊ ተጓዥ ልዩ ትርጉም ያለው ታሪክ በዚያ ይገኛል፤ ወደ ፊት ይመለከቱታል። በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

የንግግሩ ፍሬ ሐሳብ በአጭሩ የሚከተለው ነው። የተለመደው ዝግጅት ጉዞውን ለሁለት ይከፍለዋል፤ ታሪክንና ሐዘንን ለከተማው፣ ውበትንና ደስታን ለወይኑ ሸለቆ ያድላል። ይህ አከፋፈል ለአስጐብኚው ይመቻል፤ እውነቱ ግን እንዲህ አይደለም። ከተማውና የወይኑ ሸለቆ በአንድ ዘመን፣ በአንድ ኩባንያ፣ በአንድ ዓይነት ሰዎች ጉልበት የተሠሩ ናቸው። ግማሹን ብቻ ያየ ቤተሰብ ሙሉ ዋጋ ከፍሎ ግማሽ አገር አይቶ ይመለሳል።

ለምሳሌ ያህል አያት፣ አባትና እናት፣ የ15 ዓመት ወንድ ልጅና የ8 ዓመት ሴት ልጅ ያሉበት ቤተሰብ ለሰባት ሌሊት ይሄዳል ይባል። አራቱን ሌሊት በከተማው፣ ሦስቱን በሸለቆው ቢያድር የተስተካከለ ይሆናል። ቅደም ተከተሉ ከከተማው ቢጀምር ይሻላል፤ ከረጅም በረራ የወጡ ልጆችና አዛውንት በመጀመሪያው ቀን ሌላ የመኪና መንገድ ሊጫንባቸው አይገባም፤ የሸለቆውም ትርጉም የሚገባው ከተማውን አስቀድሞ ላየ ነው።

በከተማው በመጀመሪያ የሚታሰበው የጠረጴዛ ተራራ ነው። ከፍታው ከ1,000 ሜትር በላይ ሲሆን፣ ከ1929 ጀምሮ በገመድ ተንጠልጥሎ የሚወጣ መጓጓዣ ይሠራበታል። የዛሬው ማመላለሻ ወለሉ በዝግታ ስለሚዞር፣ ጥግ የያዘውም መኻል የቆመውም ባሕሩንና ከተማውን እኩል ያያል፤ መውጣት ለማይችሉ አያትም ተራራው አይከለከልም። ነገር ግን አስጐብኚው ሊያውቀው የሚገባ አንድ ጉዳይ አለ። በበጋ ወራት ከደቡብ ምሥራቅ የሚነሣው፣ የከተማውን አየር ስለሚያጸዳ «የኬፕ ሐኪም» የተባለው ብርቱ ነፋስ ማመላለሻውን ለቀናት ሊያስቆመው ይችላል። ስለዚህ ተራራው በጉዞው መርሐ ግብር ላይ ቋሚ ቀን ሊቈረጥለት አይገባም፤ ሰማዩ ጠርቶ ነፋሱ ጋብ ባለበት በመጀመሪያው ጧት መውጣት ነው። ለመጨረሻው ቀን ያቈየው ብዙ ጊዜ ከታች ሆኖ አይቶት ይመለሳል።

ለትንሿ ልጅ ደግሞ በሳይመንስ ታውን አጠገብ የሚገኘው የቦልደርስ የባሕር ዳርቻ አለ። በ1982 ጥቂት የአፍሪካ ፔንግዊኖች መጥተው ጎጆ ከሠሩበት ጊዜ ጀምሮ ወፎቹ በሰዎች መኖሪያ አጠገብ ይራባሉ። ልጂቱ ስትስቅባቸው ሳለ ወላጆቿ ሊነግሯት የሚገባ ነገር ቢኖር፣ የዓለም የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ይህን ወፍ በ2024 ከምድር ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ፍጥረታት መደብ ማስገባቱ ነው። ውሃንም በሚመለከት በሆቴሉ ሊነገራት ይገባል፤ በ2018 በደረሰው ድርቅ ምክንያት የከተማው ነዋሪ እያንዳንዱ በቀን ከ50 ሊትር በላይ እንዳይጠቀም ተወስኖ ነበር።

ከዚህ በኋላ የከተማው ታሪክ ይመጣል። የሆላንድ የምሥራቅ ህንድ ኩባንያ ሹም የነበረው ያን ቫን ሪቤክ በ1652 እዚህ ሲሰፍር ዓላማው ወደ እስያ ለሚያልፉ መርከቦች አትክልትና ሥጋ ማቅረብ ነበር። ያን ጊዜ የተተከለው የኩባንያው አትክልት ቦታ ዛሬ የሕዝብ መናፈሻ ነው፤ ልጆች በነጻነት ይሯሯጡበታል። ከመናፈሻው በር አጠገብ አንድ ትልቅ ሕንጻ ቆሟል። በ1679 የኩባንያው ባሪያዎች እንዲያድሩበት የተሠራ ሲሆን፣ በኋላ የመንግሥት መሥሪያ ቤትና ፍርድ ቤት ሆኖ አገልግሎ ዛሬ ቤተ መዘክር ነው። ከ1658 ጀምሮ የባሪያ ንግድ እስከ ተከለከለበት እስከ 1808 ድረስ ወደ 63,000 የሚገመቱ ሰዎች ከማዳጋስካር፣ ከሞዛምቢክና ከምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ፣ ከህንድና ከኢንዶኔዥያ ደሴቶች ወደ ኬፕ ተግዘዋል።

በዚህ ሕንጻ ውስጥ ጐረምሳው ልጅ ከአንድ ሰዓት በላይ መቆየት አይኖርበትም። ሊሰማው የሚገባው አንድ ነገር ብቻ ነው። ባሪያዎቹ ከአገራቸው ሲወሰዱ ስማቸው ተነጥቆ አዲስ ስም ይወጣላቸው ነበር፤ ለብዙዎቹም የተሰጣቸው የወር ስም ነው። ዛሬም በኬፕ ጃንዋሪ፣ ፌብሩዋሪ፣ ኤፕሪል፣ ሴፕቴምበር እየተባሉ የሚጠሩ ቤተሰቦች አሉ። የአባቱንና የአያቱን ስም ቈጥሮ ማንነቱን ለሚያስታውቅ ኢትዮጵያዊ ልጅ፣ የአያቱ ስም በአንድ የወር ስም የተተካበት ሰው ምን እንደተወሰደበት ለመረዳት ረጅም ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ከዚያ በእግር የሚደረስበት ቦካፕ ነው። ቤቶቹ በደማቅ ቀለማት ስለተቀቡ ጎብኚው ሁሉ ፎቶግራፍ ያነሣባቸዋል። ሰፈሩ የእነዚያ ባሪያዎችና ከእስያ በግዞት የመጡ ሰዎች ልጆች የኖሩበት የእስልምና ሰፈር ነው፤ በ1794 የተመሠረተው የአውወል መስጊድ በደቡብ አፍሪካ የመጀመሪያው ነው። የሙስሊም ቤተሰቦችን ለሚያስተናግድ የማኅበሩ አባል ይህ ሰፈር ሐላል ምግብ የሚገኝበትም ስለሆነ ከሌሎቹ ሁሉ አስቀድሞ ሊታወስ ይገባዋል።

በዲስትሪክት ሲክስ ያለው ቤተ መዘክር ደግሞ የቅርቡን ዘመን ይናገራል። ይህ ሰፈር የልዩ ልዩ ሕዝቦች መኖሪያ ነበር። የአፓርታይድ መንግሥት የካቲት ወር ላይ፣ ይኸውም በፌብሩዋሪ 11 ቀን 1966፣ ሰፈሩን የነጮች ብቻ ብሎ አወጀው፤ ከ60,000 በላይ ሰዎች ከቤታቸው ተነቅለው ከከተማው ውጭ ባለው አሸዋማ ሜዳ ላይ ተበተኑ። በ1994 በአንድ አሮጌ የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በተከፈተው ቤተ መዘክር ወለል ላይ የሰፈሩ ካርታ ተዘርግቷል፤ የቀድሞ ነዋሪዎች በገዛ እጃቸው የቤታቸውን ቦታና ስማቸውን ጽፈውበታል። አያት እንዲህ ባለው ወለል ላይ ጎንበስ ብለው ሲያነብቡ ከልጅ ልጆቻቸው ይልቅ ብዙ የሚያዩ እሳቸው ናቸው፤ ሰፈር ሲፈርስ ጎረቤትም አብሮ እንደሚፈርስ በዕድሜ ያውቁታልና።

ሮበን ደሴትን በሚመለከት ጥቂት የሥራ ማሳሰቢያ ያስፈልጋል። ጀልባው ከወደቡ ይነሣል፤ ከነጉብኝቱ የግማሽ ቀን ጊዜ ይወስዳል፤ ባሕሩ ሲቈጣ ጉዞው ይሰረዛል፤ ስለዚህ ትኬቱ አስቀድሞ መቈረጥና በመቈያው የመጀመሪያ ቀናት ላይ መዋል አለበት። ቀድሞ በፖለቲካ ምክንያት የታሰሩ ሰዎች ራሳቸው እስር ቤቱን ሲያስጐበኙ ኖረዋል፤ የደሴቲቱ ጉብኝት ክብደት ከዚህ የመጣ ነው። ኔልሰን ማንዴላ ከታሰሩባቸው 27 ዓመታት መካከል 18ቱን ያሳለፉት በዚህ ነው፤ በኖራው ድንጋይ ቊፋሮ ላይ የፀሐዩ ነጸብራቅ ዐይናቸውን ጐድቶታል። በምግብም ረገድ እስረኞች በዘራቸው ይለዩ ነበር፤ ለአፍሪካውያኑ የሚሰጠው ስኳር ከሌሎቹ ያነሰ ሲሆን ዳቦም ለረጅም ጊዜ ተከልክለዋል። የ8 ዓመት ልጅ አፓርታይድ ምን እንደሆነ በሕግ አንቀጽ አይገባትም፤ ለአንዱ ሁለት ማንኪያ፣ ለሌላው ከዚያ ያነሰ ሲባል ግን ወዲያው ይገባታል።

ቤተሰቡ በከተማው ዘመድ ካለው ከቀናቱ አንዱ ለዘመድ ጥየቃ ይውላል። ከከተማው መኻል በስተ ምሥራቅ ባለው በቤልቪል የኢትዮጵያውያን ነጋዴዎች ሱቆችና ምግብ ቤቶች ይገኛሉ፤ በየድሆች ሰፈሩ ትንንሽ ሱቅ ከፍተው የሚኖሩም አሉ። የእነሱ ኑሮ ቀላል አይደለም፤ በ2008 በባዕዳን ላይ የተነሣው ሁከት ኬፕታውንንም ነክቶ ነበር። የዕረፍት ጉዞ የሚያዘጋጅ ባለሙያ ይህን በማወቅ፣ እንግዶቹ ወዴት በምን ሰዓትና ከማን ጋር እንደሚሄዱ አስቀድሞ መወሰን ይኖርበታል።

ክቡራት፤ ክቡራን፤

ከከተማው ወደ ወይኑ የሚወስደው ድልድይ ኮንስታንሺያ ነው። ይህ ስፍራ ከተራራው ጀርባ፣ ከከተማው ክልል ሳይወጣ የሚገኝ ነው። ቫን ሪቤክ ከኬፕ ወይን የመጀመሪያው ጠጅ መጨመቁን በማስታወሻው የመዘገበው በፌብሩዋሪ 2 ቀን 1659 ነው። በኋላ የኩባንያው ገዥ የሆነው ሲሞን ፋን ደር ስቴል በ1679 ስቴለንቦሽን መሠረተ፤ በ1685 ደግሞ የኮንስታንሺያን ርስት አገኘ። ከዚያ የሚወጣው ጣፋጭ የወይን ጠጅ በአውሮፓ ቤተ መንግሥታት እስከ መወደድ ደርሷል፤ ናፖሊዮን በሴንት ሄሌና ግዞት ሳለ ይላክለት ነበር። በ1688ም በሃይማኖታቸው ምክንያት ከፈረንሳይ የተሰደዱ ፕሮቴስታንቶች መጥተው በሸለቆ ሰፈሩ፤ ፍራንሽሁክ ማለት የፈረንሳዮች ጥግ ማለት ነው።

በወይን ሥራ ላይ ያለው ዕውቀት በእርግጥ የሚደነቅ ነው። በስቴለንቦሽ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው አብርሃም ፔሮልድ በ1925 ሁለት የወይን ዘሮችን አዳቅሎ ፒኖታዥ የተባለውን የደቡብ አፍሪካ ዝርያ አስገኝቷል። የስቴለንቦሽ ገበሬዎችም በ1971 የአገሪቱን የመጀመሪያ የወይን መንገድ ከፍተው፣ ተጓዡ ከአንዱ መጥመቂያ ወደ ሌላው እየሄደ እንዲቀምስ አደረጉ። ዛሬ በሸለቆዎቹ ብዙ መጥመቂያዎች ለልጆች መጫወቻ ሜዳና የወይን ጭማቂ፣ ለአዛውንት ጥላ ያለው መቀመጫ ያዘጋጃሉ፤ አልኮል የማይጠጣ ቤተሰብም ሳይሳቀቅ ውሎ ይመጣል።

ይሁን እንጂ የቅምሻ ሥርዓት ለኢትዮጵያዊ እንግዳ አስቀድሞ ሊገለጽለት ይገባል። በቅምሻ ጊዜ ጥቂት ጠጅ በብርጭቆ ይቀርባል፤ ብዙ የሚቀምስ ሰው አጣጥሞ በማሰሮ ውስጥ ይተፋዋል። ይህ በእኛ ባህል አክባሪውን የሚያሳፍር ነውር ሊመስል ይችላል፤ በዚያ ግን የባለሙያ ልማድ ነው። መትፋት የሚከብደው ጥቂት ቀምሶ ሊተወው ይችላል። መኪናውን ደግሞ የማይቀምስ ሰው መንዳት አለበት፤ ልጆች በሚጓዙበት መኪና ላይ ይህ ለምርጫ የሚቀርብ ጉዳይ አይደለም። ሹፌር መቅጠር ከጉዞው በጀት አስቀድሞ የሚቈረጥ ወጪ ነው። በአንድ ቀንም ከሁለት መጥመቂያ በላይ ማየት ለቤተሰብ አይበጅም፤ ሦስተኛው ከመጀመሪያው አይለይምና።

ጠጅ ጥለው የሚያውቁ አያት በመጥመቂያው ከማንኛውም ጎብኚ የተሻለ ጥያቄ ሊጠይቁ ይችላሉ። የኦክ በርሜሉ ውስጡ በእሳት መለብለቡን ሲሰሙ፣ ጋን በወይራ ጢስ ማጠንን ያስታውሳሉ፤ እርሾው ስኳሩን ወደ አልኮል እንደሚለውጠው ሲነገር፣ ጌሾው ለምን እንደሚገባና ማር ለምን ጊዜ እንደሚፈልግ ለልጅ ልጃቸው ያስረዳሉ። በክፍል ውስጥ ኬሚስትሪ የሰለቸው ጐረምሳ በዚህ ጊዜ ጆሮውን ያቀናል። አስጐብኚው ለእንዲህ ያለው ንግግር ጊዜ ሊሰጥ ይገባል።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነጥብ የዚህ ንግግር ዋና ጉዳይ ነው። በእነዚህ አሮጌ እርሻዎች በብዙዎቹ፣ ነጭ ኖራ በተቀባ ቅስት ላይ የተሰቀለ ደወል ይታያል። ሙሽሮች በሥሩ ፎቶግራፍ ይነሣሉ። ደወሉ የቤተ ክርስቲያን ደወል አይደለም፤ ባሪያዎችን ወደ ሥራ ይጠራ የነበረ ነው። ወይኑን የተከሉት፣ የለቀሙት፣ በእግራቸው የረገጡት፣ ነጫጮቹንም ቤቶች የገነቡት በአብዛኛው በከተማው ማደሪያ ስማቸው የወር ስም ሆኖ የተጻፈው ሰዎችና ወገኖቻቸው ናቸው። ባርነት በ1834 በሕግ ሲቀር፣ ነጻ የወጡት ሰዎች እስከ 1838 ድረስ ለቀድሞ ጌቶቻቸው በግዴታ እንዲሠሩ ተደርገዋል።

ከዚያም በኋላ ጉዳቱ አላቆመም። «ዶፕ» በተባለው ልማድ የእርሻ ሠራተኞች ከደመወዛቸው ከፊሉን በወይን ጠጅ፣ በቀን ብዙ ጊዜ እየተቀዳላቸው ይቀበሉ ነበር። ልማዱ በሕግ ከተከለከለ በኋላ እንኳ በአንዳንድ እርሻ እስከ 1990ዎቹ ድረስ ቆይቷል። ውጤቱ ከትውልድ ወደ ትውልድ ተላልፏል፤ በእናታቸው ማኅፀን ሳሉ አልኮል የጐዳቸው ልጆች በብዛት ከተመዘገቡባቸው የዓለም አካባቢዎች አንዱ ይኸው የወይን አገር ነው። የደመወዝም ጉዳይ የሩቅ ዘመን ታሪክ አይደለም። በኖቬምበር 2012 በዴ ዶርንስ የወይን ለቃሚዎች ሥራ ሲያቆሙ የቀን ዝቅተኛ ደመወዛቸው 69 ራንድ ነበር፤ የጠየቁት 150 ራንድ ነው፤ አድማው ወደ ሌሎች ከተሞች ተዛምቶ፣ ከማርች 2013 ጀምሮ ዝቅተኛው ክፍያ 105 ራንድ እንዲሆን መንግሥት ወሰነ።

እዚህ ላይ ከሙያ ባልደረቦች የሚነሣ ተገቢ ጥያቄ አለ። ቤተሰቡ የከፈለው ለዕረፍት ነው፤ በከተማው ያየው ሐዘን አይበቃውምን? በብርጭቆውስ ውስጥ ለምን ሌላ ይጨመርበታል? ጥያቄው ክብደት አለው። ዓመት ሙሉ የደከመች እናት ትምህርት ቤት ልትገባ አልመጣችም። አስጐብኚው በየጥላው ሥር ንግግር ቢያደርግ ጉዞውን ያበላሸዋል።

ነገር ግን የሚፈለገው ንግግር አይደለም። አንድ ስም፣ አንድ ደወልና አንድ በር ይበቃሉ። ስሙ በከተማው ማደሪያ የሚነበበው የወር ስም ነው፤ አሥር ደቂቃ ይወስዳል። ደወሉ በእርሻው መግቢያ ያለው ነው፤ ፎቶግራፍ ከመነሣቱ በፊት ለምን እንደተሰቀለ መናገር ሁለት ደቂቃ ይወስዳል። በሩ ደግሞ ከዚህ በታች ይገለጻል። የሦስቱ ጊዜ በድምሩ ከአንድ ሰዓት ብዙ አይበልጥም፤ ገንዘብ አያስወጣም፤ ደስታውንም አይነሣም። ዐይን ያያል፤ ልብ ይፈርዳል እንዲሉ፣ ፍርዱ የቤተሰቡ ነው። አስጐብኚው ግን ዐይን የሚያየውን መሸፈን አይገባውም። እናትና አባትም የሚገዙትን ጠርሙስ ሲመርጡ ሠራተኞቹ እንዴት እንደሚኖሩ የመጠየቅ ዕድል ያገኛሉ፤ በ2002 የተቋቋመው ዊዬታ የተባለው ድርጅት የሠራተኛ አያያዛቸውን መርምሮ ላለፉ አምራቾች ምስክርነት ስለሚሰጥ፣ ጥያቄው መልስ የሌለው ጥያቄ አይደለም።

በሩ የሚገኘው በፓርልና በፍራንሽሁክ መካከል ነው። ቀድሞ ቪክተር ቨርስተር ይባል የነበረው፣ ዛሬ ድራከንስታይን የተባለው ማረሚያ ቤት በወይን ተክሎችና በተራሮች ተከብቦ በመንገዱ ዳር ይታያል። ማንዴላ በዲሴምበር 1988 ወደዚህ ተዛወሩ፤ በፌብሩዋሪ 11 ቀን 1990 ከዚሁ በር በእግራቸው ወጡ። ዲስትሪክት ሲክስ የነጮች ብቻ ተብሎ ከታወጀ በቀን ቈጠራ ልክ 24 ዓመት ሆኖት ነበር። ከዚያ በመኪና የወይኑን ሸለቆ አቋርጠው ወደ ኬፕታውን ሄደው በከተማው ማዘጋጃ ቤት ሰገነት ላይ ሆነው ለሕዝብ ተናገሩ። ቤተሰቡ ከከተማው ወደ ሸለቆው የሚመጣበት መንገድ እንግዲህ እሳቸው ከሸለቆው ወደ ከተማው የሄዱበት መንገድ ነው። ታሪክ ለከተማው፣ ደስታ ለወይኑ የሚለው አከፋፈል በዚህ በር ፊት ይፈርሳል። ዛሬ በበሩ አጠገብ በ2008 የቆመ፣ ክንዱን ያነሣ የማንዴላ ሐውልት አለ።

ኢትዮጵያዊው ቤተሰብ በዚህ በር ፊት እንደ ማንኛውም ጎብኚ ብቻ አይቆምም። ማንዴላ በ1962 በድብቅ ከአገራቸው ወጥተው ወደ አዲስ አበባ ሲበሩ፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን አብራሪ ጥቁር መሆኑን አይተው ለጊዜው እንደ ደነገጡ በኋላ ራሳቸው ጽፈዋል፤ ጥቁር አብራሪ ከዚያ በፊት አይተው አያውቁም ነበርና። በዚያው ዓመት ኮልፌ ውስጥ ወታደራዊ ትምህርት ቀሰሙ። ስድስት ወር ሊቆዩ ታስቦ ሳለ ከሁለት ወር ገደማ በኋላ ወደ አገራቸው ተጠሩ፤ እንደ ተመለሱም በኦገስት 5 ቀን ተያዙ። ከኮልፌ የተጀመረው መንገድ በዚህ የወይን አገር በር እስኪወጣ ድረስ 27 ዓመት ፈጅቷል። ኮልፌን በአውቶቡስ ሲያልፍ ያደገ ጐረምሳ ይህን በበሩ ፊት ቢሰማ፣ ጉዞው ከሰፈሩ የተጀመረ መሆኑን ያውቃል።

ስለ ወቅት ጥቂት ቃል ማከል ይገባል። ልጆች በኢትዮጵያ ረጅም ዕረፍት የሚያገኙበት ክረምት፣ ይኸውም ሐምሌና ነሐሴ፣ በኬፕም ዝናብና ብርድ የሚበዛበት ወቅት ነው። የወይኑ ግንድ ራቁቱን ሆኖ ይገረዛል፤ የደሴቲቱ ጀልባ ብዙ ጊዜ ይቀራል፤ የተራራው ማመላለሻም ለዓመታዊ ጥገና የሚዘጋበት ጊዜ ይኖራል። ሆኖም ሆቴሉ ይረክሳል፤ በሄርማነስ ዳርቻም ዓሣ ነባሪዎች ይታያሉ። የወይኑ ለቀማ የሚጀምረው በጃንዋሪ መጨረሻ ሲሆን እስከ ኤፕሪል ይዘልቃል። ከዚህ አብዛኛው ከዐቢይ ጾም ጋር ይገጥማል፤ ጿሚ ቤተሰብ ምግቡን አስቀድሞ ማሳወቅ ይኖርበታል። በጥምቀትና በጾሙ መግቢያ መካከል የሚውለው የመንፈቀ ዓመት የትምህርት ዕረፍት፣ አጭር ቢሆንም፣ ለዚህ ጉዞ ከሁሉ የተሻለ ጊዜ ነው።

ሰነድን በሚመለከት ቪዛው በጊዜ መጠየቅ አለበት። ደቡብ አፍሪካ በ2015 ከልጆች ጋር ለሚገቡ ተጓዦች የልደት ምስክር ወረቀት ግዴታ አድርጋ ነበር፤ በ2019 ደንቡ ቢላላም፣ ወረቀቱን ከነትርጉሙ ይዞ መሄድ ምንም ወጪ የሌለው ጥንቃቄ ነው። ልጁ ከአንድ ወላጅ ወይም ከአያት ጋር ብቻ የሚጓዝ ከሆነ ደግሞ የሌላውን ወላጅ የጽሑፍ ፈቃድ መያዝ ይገባል።

ክቡር ሊቀ መንበር፤ ክቡራትና ክቡራን የማኅበሩ አባላት፤

ከላይ የተገለጸው ዝግጅት ለኬፕታውን ቢነገርም፣ በአገር ውስጥ ለሚሠራ አስጐብኚም የሚጠይቀው ነገር አለ። የውጭ አገር ቤተሰብ ወደ ይርጋ ጨፌ ወይም ወደ ጅማ መጥቶ ቡና ሲቀምስ፣ ያን ቡና የለቀመችው ሴት በቀን ምን ታገኛለች ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። በዚያች ሰዓት መልስ ያለው ባለሙያ እንግዳውን ያከብራል፤ ለቃሚዋንም ያከብራል። ፊቱን ወደ መልክዓ ምድሩ አዙሮ ስለ ጫካው ውበት ብቻ የሚናገር ግን እንግዳው ካገሩ ይዞ የመጣውን ሥዕል መልሶ ያሳየዋል እንጂ አገሩን አላሳየውም።

ስለዚህ ይህን ጉዞ የሚያዘጋጅ የማኅበሩ አባል በመርሐ ግብሩ ላይ ሦስት መስመር ይጨምር፤ በሁለተኛው ቀን ስሙን፣ በአምስተኛው ቀን ደወሉን፣ በስድስተኛው ቀን በሩን። የቀረው ጊዜ ሁሉ ለባሕሩ፣ ለፔንግዊኖቹ፣ ለጥላውና ለብርጭቆው ይሁን።